የጨረቃ አማልክትን ለፈጠራ ዓለም መፍጠር፦ ከደብረ ብርሃን ሰማይ ሥር የተጻፈ ዝርዝር መመሪያ

የፈጠራ ዓለም የሚጽፉ ወጣቶች ረቂቃቸውን ሲያሳዩኝ የጨረቃ አምላክ አይጠፋበትም። ብዙውን ጊዜ ነጭ የለበሰች፣ ጸጉሯ ብር የመሰለ፣ ዝምተኛና ሐዘንተኛ ሴት ናት። ስሟን ቀይረን ወደ ሌላ ሰው ረቂቅ ብንወስዳት ማንም አያውቅብንም። ይህ የሚሆነው ጸሐፊው «ጨረቃ ማን ናት?» ብሎ ስለሚጀምር ይመስለኛል። እኔ «ጨረቃ ምን ታደርጋለች? በማን ደጃፍ?» ብላችሁ ጀምሩ እላለሁ። የአምላኳ መልክ፣ ጠባይ፣ ስምና በዓል ሁሉ ከዚህ ጥያቄ መልስ ይወጣል። ከዚህ በታች የምጽፈው እኔ ራሴ የምሠራበትን መንገድ ነው፤ ምሳሌ የሚሆነንም «ገመገም» ብዬ የሰየምኩት፣ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ ምናባዊ ደጋ አገር ነው።

መጀመሪያ ወር ሙሉ ውጡ

ብዕር ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ወር ሙሉ ማታ ማታ ሰማይ እዩ። ደብተር ያዙና አራት ነገር ጻፉ፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ጨረቃ ያለችበትን አቅጣጫና ቅርጿን። በአምስተኛ ዓምድ ደግሞ በዚያ ሰዓት ሰው ምን እየሠራ እንደ ነበር አስፍሩ። ይህ አምስተኛው ዓምድ በኋላ ከሁሉም ይበልጥ ይጠቅማችኋል።

ሰሜን ሸዋ ለዚህ ሥራ የታደለ አገር ነው። ከጣርማ በር ወይም ከአንኮበር አፋፍ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው ቆላው ከእግሩ ሥር እስከ አፋር ድረስ ተዘርግቷል። አንድ የጥር ምሽት አንኮበር ላይ ቆሜ ሙሉ ጨረቃ ስትወጣ አይቻለሁ። ፀሐይ ከኋላዬ ገባች፤ ከፊቴ የቆላው አቧራ ወይን ጠጅ ቀለም ያዘ። ከአቧራው መሐል የፍም ቀለም ያለው ቅስት ብቅ አለ። መጀመሪያ ቆለኞች ያነደዱት እሳት መስሎኝ ነበር። ቅስቱ እየሰፋ ሄዶ ከግርጌው እንደ ድፎ ዳቦ የተጨፈለቀ ክብ ሆነ፤ ከአቧራው ሲላቀቅ ደግሞ ክብነቱ ተስተካክሎ ነጣ። ጨረቃን ሁልጊዜ አንጋጥጬ የማያት እኔ ያን ዕለት ዝቅ ብዬ አየኋት። «አምላካቸው ከላይ የምትወርድ ሳትሆን ከታች፣ ከሞቃቱ አገር፣ ገደሉን የምትወጣ ናት» የሚለው የገመገም ሰዎች እምነት የተወለደው እዚያ ነው። ቤት ተቀምጬ ባስብ አላገኘውም ነበር።

ወር ሙሉ ስትከታተሉ የሰማይን ሕግ ታውቃላችሁ። ሙሉ ጨረቃ ፀሐይ ስትገባ ትወጣለች፣ ሲነጋ ትገባለች። በማደግ ላይ ያለችው ግማሽ ጨረቃ ፀሐይ ስትገባ አናት ላይ ናት፤ ሌሊት 6 ሰዓት ገደማ ትገባለች። በመጉደል ላይ ያለችው ግማሽ ግን የምትወጣው ሌሊት 6 ሰዓት ገደማ ነው። ማጭድ የመሰለችው አዲስ ጨረቃ ከፀሐይ ኋላ በምዕራብ በኩል ለጥቂት ጊዜ ታይታ ትሰወራለች። መውጫዋ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። ስለዚህ እኩለ ሌሊት ላይ አናት ላይ የቆመች ማጭድ ጨረቃ ያለችበት ረቂቅ፣ በጨረቃ ሌሊት ውጪ አድሮ የሚያውቅን አንባቢ ወዲያው ያጣል። በማጭዷ ሁለት ቀንዶች መካከል ኮከብ ማስቀመጥም እንዲሁ ነው፤ ያ ቦታ ባዶ ሰማይ ሳይሆን ያልበራው የጨረቃ አካል ነውና ኮከቡን ይጋርደዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ አገር አዲስ ጨረቃ ብዙ ጊዜ ጀርባዋ ላይ የተኛች ናት፤ ቀንዶቿ ወደ ሰማይ ያያሉ። ከምድር ወገብ ብዙ ስላልራቅን ነው። በሰሜን አገሮች ሥዕል ላይ ግን ቆማ በጎኗ ትታያለች። ጸሐፊዎቻችን የሚገለብጡት ያንን ሥዕል መሆኑ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም የተኛችው ጨረቃ የበሬ ቀንድ፣ ታንኳ ወይም የተዘረጋ መዳፍ መሆን ትችላለች። የጥንቷ የሜሶጶጣሚያ ከተማ የዑር ሰዎች የጨረቃ አምላካቸውን ናናን ከከብት መንጋ ጋር ያገናኙት በከንቱ አይደለም፤ ከደጃፋቸው ቀንዱን ያዩት ነበር።

ቁጥሩን ሳታስተካክሉ ተረቱን አትጀምሩ

ለዚህ የሚሆን ትምህርት እዚሁ በገዛ ቤታችን አለ፤ የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት የሆነው ባሕረ ሐሳብ ነው። የጨረቃ ወራት አንዱ 30፣ አንዱ 29 እየሆኑ ሲፈራረቁ ዓመቱ 354 ቀን ይሆናል። የፀሐይ ዓመት 365 ነው። በመካከል የሚተርፈው 11 ቀን የአበቅቴ (ከዓመት ዓመት የሚጠራቀመው ትርፍ) መሠረት ነው፤ 30 ለመሙላት የቀረው 19 ደግሞ የመጥቅዕ። በ19 ዓመት ዙሩ ይገጥማል። የ2018ን ዓመት ብንወስድ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 ዓመት ሲደመር 7518 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ (በ19 ዓመቱ ዙር ያለፉት ዓመታት ቁጥር) 12 ነው። 12 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ (ለ30 ተካፍሎ ቀሪው ሲወሰድ) አበቅቴው 12፣ 12 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይወጣል። ሁለቱ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ናቸው። (አበቅቴው ዜሮ በሚወጣበት ዓመት መጥቅዑ 30 ይባላል።) የጸሐፊ ዓይን እዚህ ላይ ይቁም፦ አንዱ ሲጎድል ሌላው የሚሞላ፣ ድምራቸው ግን የማይናወጥ ሁለት ወንድማማች! ይህ ራሱ ተረት ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው።

አሁን ለገመገም እንሥራ። ሁለት ጨረቃ ሰጠኋት። ትልቋ ከሙላት እስከ ሙላት 30 ቀን፣ ትንሿ 12 ቀን ይፈጅባቸዋል። ፈጣኑ የግድ ቅርብ መሆን አለበት፤ በአንድ ምድር ዙሪያ የሚዞሩ አካላት ሕግ ይህ ነውና ትንሿን ትልቋ ካለችበት ርቀት ግማሽ ገደማ ላይ አስቀመጥኳት። የትልቋ መውጫ በየቀኑ እንደ እኛ ጨረቃ 50 ደቂቃ ገደማ ሲዘገይ፣ የትንሿ ከሁለት ሰዓት በላይ ይዘገያል። ለ12ም ለ30ም ያለ ቀሪ የሚካፈለው ትንሹ ቁጥር 60 ነው፤ ስለዚህ በየ60 ቀኑ አብረው ይሞላሉ። ሁለቱም ሙሉ ሲሆኑ ሁለቱም ከፀሐይ ተቃራኒ ስለሚቆሙ ሰማይ ላይ ጎን ለጎን ይታያሉ፤ አንዳንዴም ቅርቡ በሩቁ ፊት ያልፋል።

የገመገም ዓመት እንደ እኛው 365 ቀን ነው። ስድስት ግጥሚያ 360 ቀን ይወስዳል፤ አምስት ቀን ይተርፋል። አንድ ዓመት ግጥሚያው በዓመቱ መባቻ ከዋለ፣ በሚቀጥለው ዓመት በአምስት ቀን ይቀድማል፣ ከዚያ በ10፣ ከዚያ በ15። በ12 ዓመት 60 ቀን ሞልቶ ወደ መባቻው ይመለሳል። እስካሁን አንድም አምላክ አልፈጠርኩም፤ ግን የ12 ዓመት በዓልና የሚሸሽ ግጥሚያ በእጄ ገብተዋል። በወረቀት ላይ የዓመቱን ሰንጠረዥ እስክትጨርሱ ድረስ ስም ለማውጣት አትቸኩሉ።

ጠባይዋን ከሰው ሥራ አውጡ

አምስተኛውን ዓምድ አሁን ግለጡ። በደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ በመንዝም፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ጨረቃ እንደ ቀን የምታበራበት ጥርት ያለ ሌሊት ሲመጣ ገበሬው ደስ አይለውም፤ ጠዋት ባቄላው በውርጭ ተቃጥሎ ያገኘዋል። ምክንያቱ ጨረቃዋ አይደለችም። ደመና የሌለበት ሰማይ ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ስለማይዝላት ነው። ነገር ግን ደመና በሌለበት ሌሊት ጨረቃም ፍንትው ብላ ትታያለች፤ ሁለቱ አብረው ይመጣሉ። አፈ ታሪክ ምክንያቱን ሊስት ይችላል፤ አብረው የሚመጡትን ነገሮች ግን አይስትም። ይህን አረፍተ ነገር ከመመሪያዬ ሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ። አምላክ ስትፈጥሩ «ሰዎቹ ምን ምን አብሮ ሲመጣ አይተዋል?» ብላችሁ ጠይቁ።

የገመገም ትልቋ ጨረቃ ከዚህ ተወለደች። ብርሃኗን ሙዳይ ውስጥ ታኖራለች። ክዳኑን በየማታው ጥቂት ጥቂት ትገልጣለች፤ በአሥራ አምስተኛው ማታ ፈጽሞ ታነሣዋለች። ነገር ግን በሙዳዩ ውስጥ ብርሃንና ብርድ አብረው ተከድነዋል፤ አንዱን ሳታወጣ ሌላውን ማውጣት አትችልም። ስትከፍት እረኛው መንገዱን ያያል፣ ባቄላው ግን ይቃጠላል። ስትከድን አዝመራው ይተርፋል፣ በጨለማው ግን ጅብ በረት ይሰብራል። ስለዚህ ደገኛው በውርጭ ወራት ደጁ ላይ ቆሞ «ክደኚ እናታችን» እያለ ይለምናል። ገደሉን ወርዳችሁ ቆላ ስትደርሱ ጸሎቱ ይገለበጣል። እዚያ ውርጭ የለም፤ የቀኑ ሐሩር ግን መንገደኛውንና ግመሉን ስለሚጥል ጉዞው በጠፍ ጨረቃ ነው። ቆለኛው «ክፈቺ እናታችን» ይላል። አንዲት ጨረቃ፣ አንድ ገደል፣ ሁለት ተቃራኒ ጸሎት። ከመሐል ሜዳ ተነሥቶ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው በአንድ ቀን ካፖርቱን አውልቆ ላቡን የሚጠርግበት አገር ልጅ ስለሆንኩ፣ ይህን ክፍፍል ለመፍጠር ብዙ መድከም አላስፈለገኝም። ለእናንተም አገራችሁ ተመሳሳይ ነገር አላት፤ ፈልጉት።

ጾታና ሰዋስው

በአማርኛ «ጨረቃ ወጣች» እንላለን፤ ፀሐይንም «ወጣች» እንላለን። ሁለቱም በሴት አንቀጽ ይነገራሉ። በሌሎች ሕዝቦች ግን የጨረቃ አማልክት ወንድም ሴትም ናቸው፦ የግብጾቹ ኾንሱና ቶት፣ የጃፓኖቹ ጹኩዮሚ፣ የሰሜን አውሮፓው ማኒ ወንዶች ናቸው፤ የግሪኮቹ ሰሌኔና የኢንካዎቹ ማማ ኪያ ሴቶች። ወንድ የጨረቃ አምላክ ከፈለጋችሁ በአማርኛ ቋንቋው ራሱ ይታገላችኋል፤ «ጨረቃው» የሚለው ቃል ለጆሮ ይከብዳል። መፍትሔው አምላኩንና አካሉን በስም መለየት ነው፦ ጨረቃዋ ትወጣለች፣ በእርሷ ላይ የሚቀመጠው እርሱ ነው።

አማርኛ ብቻ የሚያነሣው ሌላ ጥያቄ አለ። ሰዎቹ አምላካቸውን ምን ብለው ይጠሩታል? እኛ ለፈጣሪ ስንጸልይ «አንተ» እንላለን፣ ለአንድ ሽማግሌ ግን «እርስዎ»። በገመገም ሙዳይትን፣ ማለት ባለ ሙዳይዋን ትልቋን ጨረቃ፣ የሚለምን ሰው «አንቺ» ይላል። ስለ እርሷ ለልጆች ሲያወራ ግን «እሳቸው» ይላል፣ ስሟን ጮክ ብሎ መጥራት ክዳኑን ያስነሣል ብሎ ስለሚፈራ። ይህችን አንዲት ልማድ በንግግር ውስጥ አንዴ ብታስገቡ የሦስት ገጽ ማብራሪያ ትቀንስላችኋለች።

ስም

ለእያንዳንዱ አምላክ ቢያንስ ሁለት ስም ስጡ፤ አንዱ የካህናት፣ አንዱ የእረኞች። በግእዝ ሙሉ በሙሉ የተረፈልን መጽሐፈ ሄኖክ በ78ኛው ምዕራፍ ለጨረቃ አራት ስም ይሰጣታል፤ በብዙ ስም መጠራት የጨረቃ የቆየ ዕጣዋ ነው። የገመገም ካህናት ትልቋን «ምልአት» ይሏታል፣ ሕዝቡ «ሙዳይት»። ትንሿን ካህናቱ ከፍኖት ቆርጠው «ፍኖ» ይሏታል፣ እረኞች ግን እናቱን የሚከተል የፈረስ ግልገል ስለምትመስላቸው «ውርንጭላ» ብለው በወንድ ይጠሯታል። የሕዝቡ ስም ሁልጊዜ ከዕቃ፣ ከእንስሳ ወይም ከሥራ ይምጣ።

የቅዱሳንን ስም፣ ዛሬም ሰው የሚያምንባቸውን መጠሪያዎች፣ የጎረቤት ሕዝቦችን የአምላክ ስም አትንኩ። እዚህ ላይ አጥብቄ እናገራለሁ። አንድ ቀን ሰንጠረዤን ይዤ ባሕረ ሐሳብ ያስተማሩኝ የኔታ ዘንድ ሄድኩ። ወረቀቱን ካዩ በኋላ «ልጄ፣ ጣዖት ትሠራለህ እንዴ?» አሉኝ። «የኔታ፣ ተረት ነው፤ ሰዎቹም አገሩም የሉም» አልኳቸው። «እንግዲያው የእኛን ስም አትስጣቸው፤ የሌለ ሰው የሌለውን ይጥራ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የምጠቀምበት ደንብ ይኸው ነው።

ሦስቱ ተረቶች

የጨረቃ አምላክ ሦስት ነገር ማስረዳት አለባት፦ ለምን እንደምትጎድል፣ ለምን እንደምትጠፋ፣ ለምን እንደምትቀላ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሙዳዩ ጨርሶልናል። በሕንድ የጨረቃ አምላኩ ቻንድራ የሚጎድለው አማቱ ዳክሻ ስለረገመው ነው፤ ከሚስቶቹ አንዷን ብቻ አብልጦ ወድዶ ነበርና። ከዚህ መውሰድ ያለባችሁ ተረቱን ሳይሆን ብልሃቱን ነው፦ መጉደሉን ከቤተሰብ ነገር ጋር ማሰር።

የተረፉትን ቀናት ማስረዳት ደግሞ ለእኛ ቅርብ ነው፤ ጳጉሜን አለችን። የግሪኩ ጸሐፊ ፕሉታርክ ስለ ግብጾች ሲጽፍ አምላኩ ሄርሜስ ከጨረቃ ጋር ገበጣ መሰል ጨዋታ ተጫውቶ ከብርሃኗ እንደ ረታትና ከዚያ አምስት ተጨማሪ ቀናት እንደ ሠራ ይተርካል። በገመገም ያለው እንዲህ ነው። ውርንጭላ በየ60 ቀኑ ከእናቱ ሊጠባ ይመጣል፤ አብረው የሚሞሉት ያን ጊዜ ነው። ረሃቡ ግን በየዓመቱ አምስት ቀን ያስቸኩለዋል። እናቱ ትቆጣዋለች፣ ግን አትከለክለውም። በ12ኛው ዓመት ጡት ይጥላል፤ ያን ዓመት በዓመቱ መባቻ በትክክል ደርሶ፣ ሳይጠባ በፊቷ አልፎ ይሄዳል። ቀኑ «ጡት መጣያ» ይባላል፤ በገመገም አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ የራሱን መንጋ የሚረከበው በዚህ ቀን ነው። ሰንጠረዡ ተረት ሆነ፣ ተረቱም የሰው ዕድሜ ሆነ።

ስለ መቅላቷ ጳጉሜን 2 ቀን 2017 የሆነውን ላስታውሳችሁ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ለ82 ደቂቃ ጨረቃ ሙሉ በሙሉ በምድር ጥላ ውስጥ ነበረች። ክረምቱ ገና ስላልወጣ ደመናው ሲገለጥ ብቻ አየኋት፤ የጡብ ቀለም ነበራት። በምድር አየር ውስጥ አልፎ የሚታጠፈው ቀይ ብርሃን ነው እንዲያ የሚያቀላት። ይህ የሚሆነው ሙሉ ጨረቃ ላይ ብቻ መሆኑን አትርሱ፤ የፀሐይ ግርዶሽም ጨረቃ በጠፋችበት ቀን ብቻ ነው። የገመገም ሰዎች መቅላቷን «ውርንጭላ ነከሳት» ይሉታል፤ ጥርስ ያወጣ ልጅ ያጠባች እናት ሁሉ ትረዳዋለች።

አምልኮውና ትራፊው

መቅደስ ለመሥራት አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ መሐላ፣ እርግማንና ነውር ሥሩ። በገመገም «ሙዳይት ትክፈትብህ» ከባድ እርግማን ነው፤ በቆላ ያው ቃል ምርቃት ነው። ሙሉ ጨረቃ ላይ ባዶ ሙዳይ ክፍቱን ማሳደር ነውር ነው። በውርጭ ወራት እያንዳንዱ ቤት አንድ ክዳን ሰፍቶ በአጥሩ ላይ ይሰቅላል። ይህ ይበቃል፤ ከእነዚህ ውስጥ አንዱን ሰው ሲጥስ ታሪክ ይጀመራል።

ከዚያ አምላኳ የምትረሳበትን ዘመን አስቡ። ኢዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት የአክሱም ሳንቲሞች ክብና ማጭድ ጨረቃ ነበራቸው፤ ከዚያ በኋላ ቦታው የመስቀል ሆነ። የእናንተም አገር እምነት ከለወጠ፣ አሮጌው ምልክት የሆነ ቦታ ይቅር፦ በደፍ ላይ፣ በጥልፍ፣ ትርጉሙ በጠፋ እንጉርጉሮ።

ወደ ታሪኩ ስታስገቡት

«ሙዳይት የገመገም የጨረቃ አምላክ ስትሆን ብርሃንና ብርድን ትቆጣጠራለች» ብላችሁ አትጻፉ። ይልቅ እንዲህ፦

«አሮጊቷ አጥሩ ላይ የሰቀለችውን ክዳን በእጇ ዳበሰች። እርጥብ አልነበረም። ቀና ብላ አየችና ‹ዛሬም እሳቸው ክፍት ናቸው› አለች። ልጁ ሳይነግሩት ባቄላው ላይ ሊያለብስ ገለባውን ተሸክሞ ወጣ።»

ሁሉም ነገር እዚህ አለ፤ ማንም ግን አላስተማረም። ከሠራችሁት ውስጥ አንድ አሥረኛው ገጽ ላይ ቢወጣ በቂ ነው፤ የቀረው የጻፋችሁትን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል።

በመጨረሻ ሥራችሁን ልብ ወለድ ለማያነብ፣ ሰማይን ግን ለሚያውቅ ሰው አንብቡለት። እኔ ለየኔታ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰምተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «ሐምሌና ነሐሴ ደመናው ሲከድናት ማን ይቆጥራል?» መልስ አልነበረኝም። ያን ማታ ሰንጠረዡን እንደገና አወጣሁና፣ ጨረቃ በማትታይባቸው የክረምት ሌሊቶች ጨለማ ቤት ተቀምጠው በየማታው በገመድ ላይ አንድ ቋጠሮ የሚቋጥሩ ሁለት ዓይነ ስውራን ሴቶች ጨመርኩ። ዝናቡ ሲያባራ ሕዝቡ ጨረቃዋን ከገመዱ ጋር ያመሳክራል። አንድ ዓመት ቋጠሮው በአንድ ጎድሎ ተገኘ፤ አሁን የምጽፈው ታሪክ ከዚያ ይጀምራል።